ኬሪ ፍራንሲስ፤ ከካምብሪጅ አስጠኚነት እስከ ፑምዋኒ መምህርነት

የመምህርነት ሙያ ሁለት ገጽ አለው። አንደኛው በብዙ ሰው ፊት ቆሞ ዕውቀትን ማብራራት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከአንድ ተማሪ አጠገብ ተቀምጦ ያ ተማሪ ከየቱ ላይ እንደ ተሰናከለ ፈልጎ ማግኘትና ከተሰናከለበት ማንሣት ነው። የፊተኛው ስምና ክብር ያስገኛል፤ የኋለኛው ግን ድካሙ ብዙ፣ ምስክሩ ጥቂት ነው። በአገራችን በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህን ለማስተዋል አይቸገርም። የኔታ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ተማሪውን አንድ በአንድ እየጠሩ ያስቀጽላሉ፤ የቅኔው መምህርም ደቀ መዝሙሩ ቈጥሮ ያመጣውን ቅኔ አዳምጠው የጎደለውን ይሞላሉ፣ የተጣመመውን ያቃናሉ። ተማሪው አንድ መቶም ቢሆን ትምህርቱ የሚሰጠው ለአንድ ለአንዱ ነው።

ይህ ዐይነት ማስተማር በኢትዮጵያ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በደቡብ በኩል ጎረቤታችን በሆነችው በኬንያ፣ ከዋና ከተማዋ ከናይሮቢ አጠገብ፣ ኋላም በናይሮቢ ከተማ በራስዋ፣ ተማሪን አንድ በአንድ ማወቅን የሥራቸው መሠረት አድርገው ሠላሳ ስምንት ዓመት ያህል ያስተማሩ አንድ ሰው ነበሩ። እኒህም ኤድዋርድ ኬሪ ፍራንሲስ ናቸው። የሕይወታቸው ታሪክ ለመምህራን ጠቃሚ የሚሆነው ሰውዬው እንከን የሌለባቸው ስለ ነበሩ አይደለም። ትልቅ ዕውቀት ያለው ሰው ያንን ዕውቀት ለማን ሊያውለው እንደሚገባ፣ እንደዚሁም አንድ ደግ መምህር በተማሪው ላይ የት ድረስ ሥልጣን እንዳለውና የት ላይ መቆም እንዳለበት ስለሚያሳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተመለከቱ ናቸው።

ኬሪ ፍራንሲስ በመስከረም ወር 1897 በለንደን ከተማ ተወለዱ። የመጀመሪያውንና የሁለተኛ ደረጃውን ዕውቀት ገበይተው ለዩኒቨርሲቲ በሚበቁበት ጊዜ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። እንደ ዕድሜ እኩዮቻቸው ሁሉ ወደ ጦር ሜዳ ሄደው በመድፈኛ ጦር መኰንንነት አገለገሉ። ከዚያ ጦርነት በሕይወት የተመለሱ ብዙ ወጣቶች የተረፈው ዕድሜያቸው የራሳቸው ብቻ እንዳልሆነ፣ ስለ ሞቱትም ጭምር ሊሠሩበት እንደሚገባ ይሰማቸው ነበር። ፍራንሲስም ከጦርነቱ በኋላ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ ገብተው የሒሳብ ትምህርት አጠኑ።

ትሪኒቲ ኮሌጅ በዚያን ዘመን የሒሳብ ሊቃውንት መናኸሪያ ነበር። ሕንዳዊው ሊቅ ስሪኒቫሳ ራማኑጃን በ1914 ከማድራስ መጥቶ ከሃርዲ ጋር የሠራው በዚሁ ኮሌጅ ነው። የሃርዲ የቅርብ የሥራ ጓደኛ የነበረው ሊትልውድም በዚያው ያስተምር ነበር። ፍራንሲስ በእንደዚህ ያሉ ሰዎች መካከል ተምረው በሒሳብ ፈተና አንደኛ ማዕረግ ካገኙ በኋላ፣ በ1922 ፒተርሃውስ በተባለው ኮሌጅ በሊቅነት ማዕረግ አባል ሆነው ተመረጡ፤ የኮሌጁንም የሒሳብ ተማሪዎች ጥናት እንዲመሩ ተሾሙ።

ይህ ሹመት ምን ዐይነት ሥራ እንደ ነበረ ለመረዳት ስለ ካምብሪጅ የቆየ ልማድ ጥቂት ማውሳት ያስፈልጋል። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በካምብሪጅ የሒሳብ ፈተና ያለፉ ተማሪዎች ስማቸው እንደ ውጤታቸው በተራ እየተጻፈ በይፋ ይነገር ነበር። ከሁሉ በላይ የሚሆነው ተማሪ ዝናው በመላው እንግሊዝ ይሰማ ስለ ነበር፣ ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲውን ንግግር ከመከታተል ይልቅ ገንዘብ እየከፈሉ ወደ ግል አስጠኚዎች ይሄዱ ነበር። ከእነዚህ አስጠኚዎች ሁሉ ስሙ የገነነው ኤድዋርድ ራውዝ የተባለው የፒተርሃውስ ሰው ነው። ራውዝ በ1831 ተወልዶ በ1907 የሞተ ሲሆን፣ ካስጠናቸው ተማሪዎች መካከል ሃያ ሰባቱ በየዓመታቸው የሒሳብ ፈተና አንደኛ ሆነዋል።

የራውዝ አሠራር ምሥጢር አልነበረውም። ተማሪዎቹን እንደ ችሎታቸው በትንንሽ ክፍል ይመድባል፤ ትምህርቱን በቅደም ተከተል ይሰጣል፤ በየሳምንቱም የጥያቄ ወረቀት ያድላል። ተማሪው ሠርቶ የመለሰውን ወረቀት ሳይውል ሳያድር አርሞ፣ ውጤቱን ሁሉም እንዲያየው ያደርጋል። እንግዲህ የግል አስጠኚነቱ ኀይል በሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ነበር ማለት ነው፤ የተማሪውን ደረጃ ማወቅ፣ ተማሪውን ራሱን ማሠራት፣ ስሕተቱን ቶሎ ማሳየት። በ1909 የውጤት ተራ መናገሩ ሲቀር የግል አስጠኚዎቹ ዘመን አለፈ፤ ሥራቸውን ግን ኮሌጆቹ ራሳቸው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ አንድ የኮሌጅ ሊቅ በክፍሉ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ተማሪ ብቻ ተቀብሎ፣ የሠሩትን እየተመለከተ ማስጠናት የካምብሪጅ ትምህርት ዋና ዘዴ ሆነ። ፍራንሲስ በፒተርሃውስ የተቀበሉት ይህን ከራውዝ ጀምሮ የመጣ ውርስ ነበር።

በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ ከሊትልውድ ጋር ሆነው ማለቂያ ስለሌላቸው የቁጥሮች ድምር ከነመፍትሔው የሚያሠለጥን የምሳሌዎች መጽሐፍ አዘጋጁ፤ መጽሐፉም በ1928 ታተመ። የመጽሐፉን ነገር የሒሳብ መምህር ላልሆነ አንባቢ በቀላሉ መግለጽ ይቻላል። ግማሽን ከሩብ፣ ያንን ከሩብ እኩሌታ፣ ያንንም ከእኩሌታው እኩሌታ ጋር ያለ ማቋረጥ ብንደምር ድምሩ እየበዛ ሄዶ ወደ አንድ ይጠጋል እንጂ ከአንድ አያልፍም። ሌሎች ድምሮች ግን እያንዳንዱ ተደማሪ ከቀን ወደ ቀን እያነሰ ሳለ ድምሩ ያለ ወሰን ያድጋል። የቱ በየትኛው ዐይነት እንደሚመደብ ለይቶ ማወቅ ትዕግሥትና ጥንቃቄ ይጠይቃል። መጽሐፉ ይህን የሚያስተምረው በረጅም ንግግር አይደለም፤ ጥያቄ ያቀርባል፣ ተማሪው ይሞክራል፣ መፍትሔውም ተማሪው ራሱን እንዲመረምርበት ተጽፎ ይገኛል። ይኸውም የአስጠኚ መጽሐፍ ነው።

መጽሐፉ በታተመበት በዚሁ ዓመት የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው የነበሩት ፍራንሲስ ካምብሪጅን ለቀቁ። የቸርች ሚሽነሪ ማኅበር በሚያስተዳድረው በማሴኖ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ለመሆን ወደ ኬንያ ሄዱ። ማሴኖ በ1906 የተመሠረተ፣ በምዕራብ ኬንያ ከኪሱሙ ከተማ አጠገብ፣ የምድር ወገብ በሚያልፍበት ሥፍራ የሚገኝ ትምህርት ቤት ነው። ሰውዬው የተዉት የዕድሜ ልክ ክብርና የተደላደለ ኑሮ ሲሆን፣ የተቀበሉትም የሚስዮን አነስተኛ መቈረጫ ነበር። ባለ ሃይማኖት ስለ ነበሩ ይህን እንደ ጥሪ ቈጠሩት፤ ሚስትም ሳያገቡ ዕድሜያቸውን በሙሉ ለተማሪዎቻቸው ሰጡ።

በዚያን ዘመን በኬንያ ለአፍሪካውያን የሚሰጠው ትምህርት እጅግ የተወሰነ ነበር። ትምህርት ቤቶቹ በዘር ተለይተው ለአውሮፓውያን፣ ለእስያውያንና ለአፍሪካውያን ተብለው የተከፈሉ ነበሩ። በ1924 ምሥራቅ አፍሪካን የጐበኘው የፌልፕስ ስቶክስ ኮሚሲዮን ለአፍሪካውያን ይበልጥ የሚስማማው ከእርሻና ከእጅ ሥራ ጋር የተያያዘ ትምህርት እንደ ሆነ አመልክቶ ነበር። የእርሻና የእጅ ሥራ ትምህርት በራሱ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ለአንዱ ሕዝብ የመጽሐፍ፣ ለሌላው ሕዝብ የእጅ ሥራ ብቻ ተብሎ አስቀድሞ ሲመደብ፣ ትምህርት ቤቱ የዕድል በር መሆኑ ቀርቶ አጥር ይሆናል። ከነጮቹ ሰፋሪዎችም ብዙዎቹ አፍሪካዊው ከዚያ ወዲያ እንዲራመድ የማይወዱ ነበሩ።

ፍራንሲስ ወደ ማሴኖ የመጡት ይህ አስተሳሰብ በነገሠበት ጊዜ ነው። እርሳቸው ግን የሉኦና የሉህያ ልጆችን ሲያስተምሩ የካምብሪጅን ልጆች ካስጠኑበት ጥንቃቄ አንዳች አላጐደሉም። ሥርዐት ጠባቂና ቍጡ መሆናቸው ባይካድም፣ ቍጣው ተማሪው ሊሠራ የሚችለውን ሥራ በቸልታ ሲያበላሽ የሚመጣ ነበር። ኳስና ሌላውንም ጨዋታ አጥብቀው ይወዱ ነበር፤ ሜዳው ላይ ከልጆቹ ጋር መዋልም ለእርሳቸው የመምህርነት ሥራ ክፍል ነበር። ከማሴኖ ተማሪዎቻቸው መካከል ጃራሞጊ ኦጊንጋ ኦዲንጋ የኬንያ ነጻነት መሪና የመጀመሪያው ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅተዋል።

በማሴኖ ዐሥራ ሁለት ዓመት ከሠሩ በኋላ፣ በ1940 የአላያንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆነው ተሾሙ። አላያንስ ማለት ኅብረት ማለት ሲሆን፣ ይህን ስም ያገኘው የፕሮቴስታንት ሚስዮኖች ተባብረው በ1926 ስላቋቋሙት ነው። የሚገኘውም ኪኩዩ በተባለች ትንሽ ከተማ፣ ከናይሮቢ በስተ ምዕራብ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። ለኬንያ አፍሪካውያን የተከፈተ የመጀመሪያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እርሱ በመሆኑ፣ ከየነገዱ የተመረጡ ልጆች ከልዩ ልዩ አውራጃ ተሰብስበው በአንድነት ያድሩበት ነበር።

ፍራንሲስ አላያንስን ለሃያ ሁለት ዓመታት መሩት። በዘመናቸው ተማሪዎቹ በእንግሊዝ አገር ላሉት ተማሪዎች የሚሰጠውን የካምብሪጅ የትምህርት ምስክር ወረቀት ፈተና ይቀመጡ ነበር። ይህ ነገር ቀላል መስሎ ቢታይም ትልቅ ትርጕም አለው። ለአፍሪካዊው ልጅ ዝቅ ያለ መለኪያ ቢዘጋጅለት ያለፈውም ቢሆን ዝቅ ያለውን እንዳለፈ ይቈጠርበት ነበር። በአንድ ሚዛን ተመዝኖ ካለፈ ግን ሚዛኑን ማንም ሊያስተባብልበት አይችልም። የአላያንስ ልጆችም በዚያ ፈተና ያስገኙት ውጤት ትምህርት ቤቱን በምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ስም አሰጠው፤ ብዙዎቹም በኡጋንዳ ወደሚገኘው ወደ ማኬሬሬ ኮሌጅ ተሻገሩ። ከእነርሱ አንዱ ጁሊየስ ኪያኖ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በዶክተርነት ማዕረግ ከተመረቁ በኋላ የነጻይቱ ኬንያ ሚኒስትር ሆነዋል።

ርእሰ መምህሩ የአስተዳደር ሥራ በዛብኝ ብለው ከክፍል አልራቁም፤ ሒሳብን ራሳቸው ያስተምሩ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ተማሪዎቻቸው የሚያስታውሱት የእያንዳንዱን ልጅ ስም፣ አገሩንና የቤተ ሰቡን ሁኔታ ማወቃቸውን ነው። ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ከሄደም በኋላ የት እንደ ደረሰ ይጠይቃሉ፤ ደብዳቤ ይጻጻፋሉ። ብዙ ተማሪ ላለበት አዳሪ ትምህርት ቤት ይህ ከባድ ሸክም ነው። በካምብሪጅ አንድ ወይም ሁለት ተማሪ ለሚያስጠና ሊቅ የተሰጠውን ኃላፊነት ፍራንሲስ ለትምህርት ቤት ሙሉ ተሸከሙት ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የአንድ ሰው ታሪክ ሲጻፍ ብርሃኑን ብቻ አሳይቶ ጥላውን መሸፈን ለአንባቢ አይበጅም። ፍራንሲስ የኖሩት በቅኝ ግዛት ሥርዐት ውስጥ ነው፤ ሥርዐቱም መምህራኑን ራሳቸውን በቀለም ይለይ ነበር። በዚያን ዘመን አንድ ዐይነት ሥራ የሚሠሩ አውሮፓዊና አፍሪካዊ እኩል ደመወዝ አያገኙም ነበር። በ1948 የሆልምስ ኮሚሲዮን ለመንግሥት ሠራተኞች ባቀረበው ሐሳብ እንኳ፣ ለአፍሪካዊው የሚገባው አውሮፓዊው በዚያው ሥራ ከሚያገኘው ከአምስት እጅ ሦስቱ እንደ ሆነ ወስኖ ነበር። ይህ በዘር የተለየ የደመወዝ ደረጃ እንዲቀር ሐሳብ የቀረበው በ1954 በሊድበሪ ኮሚሲዮን ነው።

የዚህን ነገር ክብደት ለመረዳት የኤሊውድ ማቱን ታሪክ መመልከት ይበቃል። ማቱ በ1910 የተወለዱ፣ በአላያንስ የተማሩና ያስተማሩ ሰው ናቸው። በ1934 ከጄምስ ጊቹሩ ጋር ሆነው የኬንያ አፍሪካውያን መምህራንን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ሲሆኑ፣ ቀጥሎም በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1940 ወደ አላያንስ ተመለሱ። ፍራንሲስም ወደ አላያንስ የመጡት በዚያው ዓመት ነው። ከካምብሪጅ የመጡት እንግሊዛዊና ከኦክስፎርድ የመጡት ኬንያዊ በአንድ ግቢ ውስጥ ቢያስተምሩም በሥርዐቱ ዘንድ እኩል አልነበሩም። ማቱ በ1943 አላያንስን ለቀው በዳጎሬቲ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆኑ፤ በ1944 ደግሞ ወደ ኬንያ ሕግ አውጪ ምክር ቤት የገቡ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ለመሆን በቁ። በ1960ዎቹ መጀመሪያም በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሲዮን ውስጥ ስለ ሠሩ በአገራችንም የኖሩ ናቸው።

ፍራንሲስ የአፍሪካውያንን ችሎታ በክፍል ውስጥ ያለ ማመንታት የመሰከሩ ሰው ሳሉ፣ የአፍሪካውያንን የፖለቲካ እንቅስቃሴ ግን በጥርጣሬ ይመለከቱት ነበር። ለሥልጣን ከመቸኰል አስቀድሞ ጠባይን ማነጽ ይገባል የሚል እምነት ነበራቸው። እምነቱ ከቅን ልብ የመነጨ ቢሆንም፣ የሚበቃበትን ጊዜ የሚወስነው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ አይመልስም። ሒሳብን በትክክል እንዲያስብ የሠለጠነ ተማሪ ያንኑ ትክክለኛ አስተሳሰብ በመሬቱ፣ በደመወዙና በነጻነቱ ጉዳይ ላይ ቢጠቀምበት የሚያስደንቅ አይደለም። መምህሩ ያስተማሩት ትምህርት መምህሩ ካሰቡት ደጅ አልፎ ሄደ።

ይህ ፈተና እጅግ የከበደው በ1952 ነው። በጥቅምት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ማው ማው ተብለው የተጠሩት የመሬትና የነጻነት ታጋዮች በአንድ ወገን፣ የቅኝ ግዛቱ ጦር በሌላ ወገን ሆነው ደም ፈሰሰ። አዋጁ እስከ 1960 ሲቈይ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች በፍርድ ተሰቀሉ፤ ብዙ ሺህ ሕዝብም በእስር ሰፈር ታጐረ። አላያንስ የሚገኘው በኪኩዩ ሕዝብ መካከል ስለ ሆነ ብዙዎቹ ተማሪዎች ወንድም ወይም አባት በጫካ አለዚያም በእስር ነበራቸው። ፍራንሲስ የማው ማውን መሐላና የኀይል ሥራ አጥብቀው ተቃወሙ፤ ነገር ግን የመንግሥቱ ጦርና ፖሊስ በሕዝብ ላይ የሚፈጽሙትን ጭካኔም በዝምታ አላለፉትም። በሁለቱም ወገን ወዳጅ የማያስገኝ አቋም ነበር።

በ1955 ከሊሙሩ አውራጃ አንድ ልጅ ወደ አላያንስ ገባ። ታላቅ ወንድሙ ከታጋዮቹ ጋር በጫካ ነበር። ልጁ የመጀመሪያውን የትምህርት ወቅት ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲመለስ መንደሩ ፈርሶ፣ ሕዝቡም በጦር ሠራዊት ጥበቃ ሥር ወደ ተቋቋመ አዲስ መንደር ተወስዶ አገኘው። ይህ ልጅ ኋላ በዓለም የታወቀው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ነው። ንጉጊ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ2012 ባሳተመው የወጣትነት ትዝታው፣ የአላያንስን ዓመታትና ርእሰ መምህሩን በሰፊው ተርኳል። ትምህርት ቤቱ ከውጪው ሽብር መጠጊያ ሆኖለት ነበር፤ ጆሴፍ ካሪዩኪን የመሰሉ አፍሪካውያን መምህራንም ከአውሮፓውያኑ ጎን ቆመው ሲያስተምሩ ያየው በዚያ ነው። በ2025 እስኪሞት ድረስ የቅኝ ግዛትን ትምህርት አጥብቆ የነቀፈው፣ በእንግሊዝኛ መጻፉንም ትቶ በኪኩዩ ቋንቋ መጻፍ የጀመረው ይኸው የአላያንስ ተማሪ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ተማሪው ከመምህሩ ቤት ጠለላንም ዕውቀትንም ወሰደ፤ የመምህሩን መንግሥት ግን አልተቀበለም። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

ፍራንሲስ በ1962 ከአላያንስ ርእሰ መምህርነት ተሰናበቱ። ዕድሜያቸው ስድሳ አምስት እየሞላ ነበር። በኬንያ ለረጅም ዘመን ያገለገሉ እንግሊዛውያን በዚህ ጊዜ ወደ አገራቸው ተመልሰው በጡረታ መኖር የተለመደ ነበር፤ ይልቁንም ነጻነት መቅረቡን አይተው ብዙዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው በሚወጡበት ሰዓት ነው። እርሳቸው ግን ወደ እንግሊዝ አልተመለሱም፤ ከኪኩዩ ወደ ናይሮቢ ወርደው በፑምዋኒ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተራ መምህር ሆነው ተቀጠሩ።

ፑምዋኒ ምን ዐይነት ሠፈር እንደ ነበረ ያላወቀ ሰው የዚህን ውሳኔ ትርጕም አይረዳውም። ናይሮቢ በ1899 ከሞምባሳ ወደ ኡጋንዳ የሚዘረጋው የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ሠፈር ሆና የተቈረቈረች ከተማ ናት። ከተማዋ ስታድግ አውሮፓውያኑ በምዕራብ በኩል ነፋሻማውን ኮረብታ ያዙ፤ አፍሪካውያኑ ግን በምሥራቅ በኩል ባለው ሜዳ ተወስነው እንዲኖሩ ተደረገ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው ፑምዋኒ ከእነዚህ ሠፈሮች አንዱ ነው። ቤቱ የጭቃ፣ ጣሪያው የቆርቆሮ፣ ነዋሪው ብዙ፣ ገቢው ጥቂት ነበር። በሚያዝያ ወር 1954 የእንግሊዝ ጦር አንቪል ተብሎ በተጠራው ዘመቻ ናይሮቢን ከቦ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችን ይዞ ለምርመራና ለእስር ሲወስድ መከራው የወረደው በእነዚህ የምሥራቅ ሠፈሮች ላይ ነው።

የፑምዋኒ ተማሪ እንደ አላያንስ ከየአገሩ ተመርጦ የመጣ አዳሪ አልነበረም። ማታ የሚያጠናበት መብራትና ጸጥታ ያለው ቤት ያልነበረው የሠፈር ልጅ ብዙ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በርእሰ መምህርነት ያዘዙት ሽማግሌ በዚያ ትምህርት ቤት የሌላውን ትእዛዝ እየተቀበሉ፣ ጠመኔ ይዘው፣ ደብተር እያረሙ ሒሳብ አስተማሩ። ኬንያ በታኅሣሥ 12 ቀን 1963 ነጻነትዋን ስታውጅም በዚያው ሥራ ላይ ነበሩ። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ሚኒስትሮችና የምክር ቤት አባሎች ሆነው በከተማዋ መካከል ሲሾሙ፣ እርሳቸው በከተማዋ ዳር ከጀማሪዎች ጋር ተቀመጡ። እንደዚህም ሲያስተምሩ ቈይተው በ1966 በስድሳ ስምንት ዓመታቸው በናይሮቢ ዐረፉ።

የኬሪ ፍራንሲስን ሕይወት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ሰውዬው ከፍ ካለ ሥፍራ ተነሥተው በየጊዜው ዝቅ ወዳለው ይወርዱ ነበር፤ ከካምብሪጅ ወደ ማሴኖ፣ ከአላያንስ ወደ ፑምዋኒ። ሲወርዱ ግን የትምህርቱን ደረጃ ይዘው ነው እንጂ ትተው አልነበረም። በብዙ ሥፍራ የሚታየው ልማድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ጎበዝ መምህር ሲገኝ ወደ ተመረጡት ተማሪዎች፣ ከዚያም ወደ ጽሕፈት ቤት ይወሰዳል፤ ጀማሪውና ደካማው ተማሪ ለጀማሪ መምህር ይተዋል። ገንዘብ ያለው ወላጅ ለልጁ የግል አስጠኚ ይቀጥርለታል፤ የሌለው ግን ልጁ ከተሰናከለበት ላይ ማንም ሳያነሣው ይቀራል። ፍራንሲስ በፒተርሃውስ ለጥቂቶች ይሰጥ የነበረውን እንክብካቤ ይዘው መክፈል ወደማይችለው ልጅ ሄዱ። በዘመናችን ትምህርት ቤቶች በዝተው ክፍሎቹ በተጨናነቁበት ጊዜ ይህ ነገር ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል።

ሁለተኛው ትምህርት ከጥላው የሚገኝ ነው። ተማሪውን ስሙንና ቤቱን ማወቅ ትልቅ ነገር ቢሆንም በቂ አይደለም፤ ተማሪው ወዴት ሊሄድ እንደሚፈልግም ማወቅ ያሻል። መምህር ለተማሪው መንገድ ያሳየዋል እንጂ የመንገዱን ፍጻሜ አይወስንለትም። ማቱም፣ ኦዲንጋም፣ ንጉጊም ከፍራንሲስ ጋር የሚያገናኛቸው ታሪክ እያላቸው በየራሳቸው ጎዳና ሄዱ፤ ትምህርታቸው ፍሬ ማፍራቱም የታወቀው በዚህ ነው። በአገራችን የቅኔ ቤት ልማድ ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ የበለጠ ቅኔ ሲቈጥር መምህሩ ደስ ይላቸዋል እንጂ አይቈጡም፤ አስመስክሮም ወደ ሌላ አገር ሄዶ የራሱን ጉባኤ እንዲዘረጋ መርቀው ይሸኙታል።

ፍራንሲስ በወጣትነታቸው በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ ተደማሪው እያነሰ ሳለ ድምሩ ያለ ወሰን የሚያድግባቸው ቁጥሮች አሉ። የመምህርነት ሥራም ከዚህ የራቀ አይደለም። አንድ የታረመ ደብተር፣ አንድ በስሙ የተጠራ ልጅ፣ አንድ በትዕግሥት የተደገመ ጥያቄ እያንዳንዱ ትንሽ ነገር ነው፤ ማንም አይቈጥረውም። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ የተጠራቀመው ድምር ግን ለአንድ አገር መሪዎችን፣ ደራሲዎችንና መምህራንን አስገኝቷል። ዛሬም በማለዳ ወደ ተጨናነቀ ክፍል የሚገባ መምህር ይህን ድምር ከመጨመር የሚያግደው የለም።